አሥራ ሁለተኛው ትከሻ

ሰዎችን ስትቆጥሩ ሞልተው፣ በስም ስትጠሯቸው ጎድለውባችሁ ያውቃሉ? እኔን ገጥሞኛል። በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ትናንት መርካቶ፣ እህል በረንዳ የጤፍ ጆንያ ስነካ መዳፌ ላይ ብናኝ ቀረ። ወዲያው ጃፓን ትዝ አለችኝ።

ተማሪ ሳለሁ ከመርካቶ ትምህርት ቤታችን ለውድድር ጃፓን ሄድን። አሥራ ሁለቱን ጓደኞቼን እየቆጠርኩ እንዳይጠፉ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ የሆነችው የሰሚራ አያት፣ እህል ነጋዴው ሐጂ፣ ከመሄዳችን በፊት ይህን ሲሰሙ ከጆንያዎቹ መሃል ቀና አሉ።

«ጆንያ ነው የሚቆጠረው፣ ልጄ። ሰው በስሙ ይጠራል።»

«ኧረ ሐጂ፣ ቁጥር አይሳሳትም!»

«ቁጥሩማ አይሳሳትም። የምትቆጥረውን ግን ታውቀዋለህ ወይ?»

ጃፓን ባቡር ውስጥ እንደገባን ትከሻቸውን እየነካሁ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ደገምኩ፤ አሥራ ሁለት። ሆቴል ደርሰን መምህራችን ስም ሲጠራ ግን ሰሚራ የለችም። ወደ ተሳፈርንበት ጣቢያ ስንመለስ ብቻዋን ስታለቅስ አገኘናት፤ ባቡሩ ላይ ጭራሽ አልወጣችም ነበር። እጇን ልይዝ እጄን ስዘረጋ መዳፌን አየሁት። የጤፍ ብናኝ ነበረበት። አሥራ ሁለተኛ ብዬ የነካሁት ትከሻ ታዲያ የማን ነበር?

አዲስ አበባ ስንገባ፣ ሐጂ ማንም ሳይነግራቸው፣ «ቆጠርካቸው አይደል?» አሉኝ።

ዛሬ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን በስማቸው ብቻ እጠራለሁ። እናንተ ግን ሰው ይዛችሁ ስትጓዙ፣ እባካችሁ አንዴ ትከሻ እየነካችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያም ስም ጥሩ። ሁለቱ ካልገጠሙ መዳፋችሁን እዩት።