ሦስት ድንጋይ ለአታ ጆሮ

የባሌን አባት ስም አልጽፍም። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ «አታ» እያልኩ ኖሬአለሁ፣ አባት ማለት ነው። መንደሩ ግን እጃቸው ሥራ ስለሚያውቅ «ኡስታ» ይላቸዋል። የናሪን ተራሮች ሥር ያለችው የመንደራችን ሱቅ አንድ ዓይነት የባትሪ ድንጋይ ስታመጣ ሌላው ይጠፋል፤ ስለዚህ ሬዲዮኑ ወይም የእጅ ባትሪው የሚፈልገው መጠን የጠፋበት ሁሉ ወደ አታ ይመጣል። ቀጭኗን ድንጋይ በጋዜጣ ጠቅልለው በወፍራሟ ቦታ ያስቀምጧታል። ካጠረች ጫፏ ላይ የቸኮሌት ብልጭልጭ ወረቀት አጥፈው ይሸጉጣሉ። «ጉልበታቸው አንድ ነው፤ ቀጭኗ ቶሎ ትደክማለች እንጂ ሌላ ልዩነት የለም» ይላሉ። አንድ ነገር ሳያደርጉ ግን ድንጋይ አስገብተው አያውቁም። ጫፎቹን በቢላ ይፍቃሉ። ድሮ በጋራ እርሻው ዘመን ይመጡ የነበሩት ድንጋዮች ሙጫና ዝገት የለበሱ ስለነበሩ፣ ልማዱ ከዚያ ቀረ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ጆሯቸው ደከመ። ችግሩ ለእኔ ከሌላው ሰው ይብስ ነበር፤ ምራት በአማቷ ፊት ድምጿን ከፍ አታደርግም። ጎረቤት ይጮህላቸዋል፤ የአራት ዓመቷ ልጄ ኑርዛትም ጆሯቸው ሥር ገብታ ትጮኻለች። እኔ ግን ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ፒያላውን፣ የሻይ ስኒውን፣ አንሥቼ ማሳየት፣ ወይም በደብተር መጻፍ ነበረብኝ። ባለፈው መኸር የኑርዛት አባት ሩሲያ ከሚሠራበት የመስሚያ መሣሪያ ላከ፣ ከሃያ አራት ድንጋይ ጋር። ድንጋዮቹ አዝራር ያህላሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፏል። መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ በተለመደው ድምፄ «አታ፣ ሻይ ልቅዳ?» አልኳቸው።

«ድምፅሽን ረስቼው ነበር» አሉኝ። «እንዴት ወፍሯል!»

ሁለታችንም ሳቅን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ሊጥ ሳቦካ፣ ሃያ አራቱንም ወረቀት ልጠው፣ ድንጋዮቹን በጨርቅ ወልውለው ክብሪት ሳጥን ውስጥ ሲደረድሩ አገኘኋቸው። «ወረቀት ያለበት ድንጋይ ከብረቱ ጋር አይነካካም» አሉ፣ ሥራቸው አምሮላቸው። እኔም አመስግኜ ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። እነዚህ ድንጋዮች የሚሠሩት በአየር ነው። ወረቀቱ ከተላጠ በኋላ ብትጠቀሙባቸውም ባትጠቀሙባቸውም ይሞታሉ፤ አንዱን የምትልጡት ልታስገቡት ስትሉ ብቻ ነው። ይህ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነበር፣ በጀርመንኛ። ዓመት ሊያደርሱ የሚችሉት በሁለት ወር አለቁ። ሌላ ተላከልን፤ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ደረሰና የመጋቢት በረዶ መንገዱን ዘጋው።

የአታ ታላቅ ወንድም ከእኛ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀው ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው ስትሞት አታ ከመንጋው ጋር ላይኛው ግጦሽ ነበሩ፤ ታላቁ ሳይጠብቋቸው ቀበሯት። አታ በሦስተኛው ቀን ሲደርሱ ያገኙት ትኩስ አፈር ብቻ ነው። ለምን እንዳልጠበቋቸው አታ አልጠየቁም፤ ታላቁም አልተናገሩም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ቶክቶሱን መልእክት ይዞ መጣ። እኔ በደብተር ጻፍኩላቸው፦ «ወንድምዎ እየደከሙ ነው። ከመሞቴ በፊት ላነጋግረው ብለዋል።» አታ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ለምን እንዳልጠበቀኝ ሊነግረኝ ነው» አሉ። «ከራሱ አፍ ልስማው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቤቱን ገለበጥነው። የኑርዛት መጫወቻ፣ የዘፋኙ ዳክዬ ሆድ ውስጥ ልክ የአታን ድንጋይ የሚያህሉ ሁለት ተገኙ። አታ በትንሿ መፍቻ ሲፈቱት ኑርዛት መሬት ላይ ተንከባለለች።

«ዳክዬዬን ገደሉብኝ!»

«አይዞሽ» አላት ቶክቶሱን። «ዳክዬሽ አያትሽ ጆሮ ውስጥ ገባች። ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ይዘፍኑልሻል።»

ሦስተኛው ከትኩሳት መለኪያው ወጣ። ግን ትንሽ ነበር፣ ምስር ብጤ። አታ ከካርቶን ቀለበት ቆርጠው አለበሱት፤ ከሥሩ ብልጭልጩን ወረቀት አራት ጊዜ አጥፈው አነጠፉ። ሠራ። «እንደ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ግን ይሰማል» አሉ። ዳክዬዋ ስንት ወር ዘፍናባቸዋለች፤ ምን ያህል ጉልበት እንደቀራቸው ማን ያውቃል? «እያንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ትስጠኝ፣ ይበቃኛል» አሉ አታ።

በቶክቶሱን መኪና ስንሄድ አታ መሣሪያውን ዘጉት። ቶክቶሱን በመስተዋት እያየኝ «ጥሩ አደረጉ። የኔ ወሬ ድንጋይ አይፈጅበትም» አለ።

እንደደረስን ግቢው ሞልቶ አገኘነው። ሽማግሌዎቹ ለሰላምታ ተሰልፈዋል። አታ እጃቸውን ወደ መሣሪያው ሲልኩ እጄን አወዛወዝኩ፣ ይቆይ ለማለት።

«ስድስት ዓመት ባልረገጥኩት ግቢ እንደ ግንድ ልገተር?» አሉኝ። ከፈቱት።

የአንዱ ጤና ተጠየቀ፤ የልጆቹ፣ የበጎቹ፣ የበረዶው። ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ጤና። ሰባተኛው ሽማግሌ ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያዋ ድንጋይ ሞተች። ሁለተኛዋን አስገቡ። የታላቁ ሚስት ካልይፓ፣ እኔ «አፓ» የምላቸው፣ ዳቦና ቅቤ ይዘው መንገድ ዘጉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስድስት ዓመት እግርህን ምን ነካው?»

«እግሬ ደህና ነበር፣ ካልይፓ። ልቤ ነው ያነከሰው።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፣ ልብህ ይረፍ።»

ጠጋ ብዬ «አፓ፣ ይለፉ በሏቸው፣ የጆሯቸው ድንጋይ እያለቀ ነው» አልኳቸው።

«የምን ድንጋይ ነው የምታወሪው? ዳቦ ሳይቀምስ ታማሚ ፊት ይቀርባል እንዴ? ምን ይሉኛል?»

ምራት ነኝ፤ መንገድ ለቀቅኩላቸው። ዳቦው ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ምርቃት ጀመሩ። ሕያዋኑን መርቀው ሲጨርሱ ወደ ሙታኑ ዞሩ። አታ መዳፋቸውን ዘርግተው ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። «አሜን» ተብሎ ሁሉም ፊቱን በመዳፉ ሲጠርግ እሳቸው አልጠረጉም፤ እኔ በእጄ ሳሳያቸው ነው የጠረጉት። ሁለተኛዋም ሄዳለች ማለት ነው።

መተላለፊያው ውስጥ ሦስተኛዋን ከነቀለበቷ አስገባን። ብልጭልጩን እኔ ገፋሁት።

«ይሰማል፣ አታ?»

«ይሰማል። ዝም በይ፣ አታስጨርሺኝ።»

አታ ሲገቡ ታማሚው ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጡ። በሩ ተዘጋ። ከውጭ የምሰማው የአታን ድምፅ ብቻ ነበር፦ «እሰማሃለሁ፣ ተናገር።» ከዚያ ረጅም ማጉረምረም፣ መሐል መሐል ላይ ለቅሶ። በመጨረሻ አታ ጮክ ብለው «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ» አሉ። ካልይፓ እንባቸውን አፈሰሱ፤ ግቢው ሁሉ «ተመስገን» አለ።

አታ ወጡ። ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«‹እናታችን ራሷ› አለ» አሉኝ። «ከዚያ ድምፁ ጠፋ።»

በጣቴ ወደ መሣሪያው ጠቆምኩ።

«እጄን ይዞ እያለቀሰ ይናገራል። እንዴት ቁም ልበለው? አፉን አየሁ፣ ምንም አልያዝኩም። ሲጨርስ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት።» ክንዴን አጥብቀው ያዙት። «እናታችን ራሷ ምን? ራሷ ምን አለች? ግቢና ጠይቂልኝ። ሰው አይስማ፣ ቀስ ብለሽ።»

ገባሁ። ታላቁ ትራሱ ላይ ሰጥመው ነበር። አጎንብሼ «አባቴ…» ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንቺ የሱ ምራት ነሽ?»

«አዎ።»

«ሁሉን ነገርኩት። ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «ስድስት ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ… አሁን ቀለለኝ። ሰማኝ፣ አይደል?»

ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። አልሰሙም ብል፣ ያ የቀለለው ነገር ተመልሶ ደረታቸው ላይ ይወጣል፤ ደግመው ሊያወርዱትም ጉልበት የላቸውም። ሳልጠይቅ ብወጣ ደግሞ አታ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱ ትንፋሻቸው ስንት እንደሚቆይ ቆጠርኩ። እስከ አራት እንኳ በቅጡ አልደረሰም።

«ሰምተዋል» አልኩ።

«እንግዲህ ደህና ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስወጣ አታ በሩ ፊት ቆመው አፌን ይጠብቃሉ። ደብተሩ ቤት ቀርቷል፤ ግቢው ሰው ነው፤ መጮህ አልችልም፤ ብጮህስ ምን ብዬ? ሁለት እጆቼን አጋጥሜ ጉንጬ ሥር አደረግሁ፣ ተኝተዋል ለማለት።

«እሺ» አሉ አታ። «ሲነቃ ይነግረኛል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካልይፓ ከውስጥ የለቅሶ ጩኸት እስኪያሰሙ ድረስ እዚያው ነበርን። ጩኸቱን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው በሩን እያዩ መጠበቃቸውን ቀጠሉ።