ጋሽ ለገሠ እና የሬምሱ መሐላ

እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ታክሲ ነጂው ጋሽ ለገሠ በሚኖሩባት የአሜሪካ ከተማ በአውሮራ በሚገኝ ኮሌጅ የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ታሪክ መማር ጀመሩ። ዕውቀትን መሻት ያስመሰግናል፤ ሌላውን ለመግረፍ መሻቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጋሽ ለገሠ የቤተ ክርስቲያናቸው ቦርድ ሊቀ መንበር ነበሩ። ምርጫው ሲቃረብ ንዋይ የተባለ የቤት ደላላ ለወንበራቸው ተወዳደረ፤ ምእመናኑንም ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወስዶ ክትፎ ጋበዘ።

«ይህ ጸጋን በገንዘብ ሊገዛ የሞከረው የሲሞን መሠሪ ሥራ ነው!» አሉ ጋሽ ለገሠ። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቱ በአዳራሹ የሚያወሩት፣ ከሮም ተነሥቶ፣ አልፕስን ተሻግሮ፣ በየአገሩ እየዞረ ቤተ ክርስቲያንን በገንዘብ ከተገዛ ሹመት ስላጸዳው ስለ ጥንቱ ፓፓ ስለ ሊዮ ዘጠነኛ ብቻ ሆነ።

«ሬምስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የከተማዋን ቅዱስ አጽም መሠዊያው ላይ አኑሮ፣ ጳጳሳቱን ‹ሹመቴን አልገዛሁም ብላችሁ ማሉ› አላቸው። አንዱ ፈርጥጦ ጠፋ! ሊከራከርለት የተነሣው ድምፁ ተዘጋ! ሳያውቅ ዘመዶቹ የገዙለት አንዱ ግን ተናዝዞ ሹመቱ ተመለሰለት።»

«ጋሼ፣ የካቶሊኩ ፓፓ ለእኛ ምናችን ነው?» አለ ንዋይ።

«መሐላ የፈራ ሰው ሃይማኖት ይጠይቃል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቄሱም፣ «መሐላው ይቅር፤ ዕጩዎቹ ድምፅ በጥቅም እንዳልገዙ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቃላቸውን ይስጡ» ብለው ፈቀዱ።

በምርጫው ዕለት ታላቅ ይቅደም ተባለ። ጋሽ ለገሠ ነጠላቸውን አደግድገው፣ «እኔ ለገሠ የማንንም ድምፅ በጥቅም…» ብለው ሲጀምሩ ዐይናቸው ከፊት ወንበር ላይ ዐረፈ። የታክሲያቸውን ሜትር ዘግተው፣ «እኔን እንዳትረሱ» እያሉ ከግሌንዴል ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሲያመላልሷቸው የሰነበቱት ባልቴቶች ተደርድረው ያዩአቸዋል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእሳቸው ዘንድ ክትፎ ጉቦ፣ ራይድ ግን ጽድቅ ነበር። ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

«ይኸው! ድምፃቸው ተዘጋ!» አሉ ከባልቴቶቹ አንዷ፣ እትዬ ዘርፈሽዋል።

ጋሽ ለገሠ አንገታቸውን ደፉ። «በነጻ አመላልሻለሁ፤ ምረጡኝም ብያለሁ።» ወዲያው ግን ተስፋ ብልጭ አለላቸው፦ «የተናዘዘው ጳጳስ ሹመቱ ተመልሶለታል እኮ!»

«እሱማ ሳያውቅ ነው የተገዛለት፤ ራስዎ ነግረውናል። እርስዎ ግን መሪውን የጨበጡት በገዛ እጅዎ ነው!» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል።

ንዋይ ተራው ሲደርስ፣ «መኪናዬን ያለ ቦታው ፓርክ አድርጌ…» እያለ እንደወጣ አልተመለሰም።

«ታዲያ ቃሉን የሚሰጥ ማን ቀረ?» አሉ ቄሱ።

«እኔ አለሁ» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። «ክትፎውን በልቻለሁ፣ በታክሲውም መጥቻለሁ፤ እኔ ለማንም የሰጠሁት ጉቦ ግን የለም።»

እሳቸውን ለመምረጥ እጃቸውን ቀድመው ያወጡት ጋሽ ለገሠ ነበሩ። ደስ ብሏቸው ነው ማለት ግን ውሸት ይሆናል።