ትንፋሽ ያዝ

አጎቴ ፎቶ ሲያነሱ ሁሉንም ሰው «ትንፋሽ ያዝ!» ይሉ ነበር። አፍ የፈቱት በበርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛቸው ሴቱም «አንተ» ነው። ትንፋሽ ማስያዙን የለመዱት በድሮው ካሜራ ነው፤ ዲጂታሉ ከመጣ በኋላም አልተዉትም። «ተንፍስ» እስኪሉ ድረስ አሶሳ ውስጥ ከስቱዲዮዋቸው በርጩማ ላይ ንቅንቅ የሚል የለም። እኔም በየኢዱ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጉንጬን ነፍቼ ያችን ቃል ስጠብቅ ነው ያደግኩት።

ሲሞቱ ለሳምንት ብዬ የስቱዲዮውን ቁልፍ ተቀበልኩ። ይኸው ክረምቱ አልቆ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት ቆሜያለሁ። ደንበኞቹ «የአጎትሽ ቤት እንዳይዘጋ» ይሉኛል። መዝጋት እንደምፈልግ ለማን ልናገር?

ትናንት አንዲት እናት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ሳልነግራቸው ትንፋሻቸውን ያዙ። አነሳኋቸውና ካሜራውን አቅፌ ቆምኩ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኧረ ልጄ፣ ተንፍስ በይኝ እንጂ! ልትገድይኝ ነው?»

«ይተንፍሱ» አልኳቸው።

በረጅሙ ተንፍሰው፣ መርቀውኝ ወጡ።

አጎቴ፣ አላህ ይዘንልዎት። እኔን ግን «ተንፍስ» ሳይሉኝ ሄዱ።