ላም የማትበላው ዛፍ

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወስደው ሜዳ ላይ በበጋ የሚነሣው ነፋስ አፈር ይበላል። ገብስ ያጨድሁበትን ማሳ ልጦ ልጦ ድንጋዩን አወጣብኝ። በየዓመቱ ማረሻዬ ድንጋይ የሚነካበት ቦታ ይሰፋል። ያለኝ መሬት ያው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ነፋሱን የሚመልስ ዛፍ ፈለግሁ። ባሕር ዛፍ እንዳልተክል፣ ከማሳው ግርጌ አንዲት ምንጭ አለች፤ ሚስቴ የምትቀዳት፣ በሬዎቼ የሚጠጧት። ባሕር ዛፍ ይጨርሳታል። ከወንዙ ማዶ የተከሉት ሰዎች ዛሬ ሴቶቻቸው ውኃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ።

ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። የግብርና ባለሙያዋ የሰጠችኝን ወረቀት በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። ትሪ ሉሰርን የሚሉት የከብት መኖ ዛፍ ውርጭ ይችላል፣ ወይራ ድርቅና ነፋስ ይችላል ይላል። ሁለቱንም ወሰድሁና በሐምሌ በነፋሱ መምጫ በኩል በሁለት ረድፍ ተከልሁ።

ወረቀቱ አልዋሸም። ውርጩም ነፋሱም አልገደላቸውም።

በእኛ አገር ግን አጨዳ ካለቀ ማሳ የሁሉም ነው፤ ከብት ይለቀቃል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እሾህ ከቆላ በአህያ አስጭኜ አጥሬ ነበር። በጥር አንድ ቀን ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የጎረቤቴ ላም አጥሩን ጥሳ የመጨረሻውን ወይራ ታኝካለች። ጎረቤቴ አባቴ የሚሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«አባባ፣ ምነው ዝም ብለው አዩዋት?» አልሁ።

«እሷ ምን ታድርግ ልጄ? በዚህ ሜዳ በጥር ጎመን አብቅለህ ዛፍ ነው ትላለህ። እኔም ጥርሱ ቢኖረኝ አልምርልህም ነበር።»

«ሦስት ዓመት ቢያቆዩልኝ ለእርስዎም ማሳ የነፋስ ከለላ ይሆን ነበር።»

«ሦስት ዓመት ላሜን ምን ላብላት? አንተን?»

የላሟ አጥንት ይቆጠራል። ክፉ ሰው ቢሆኑ እከሳቸው ነበር፤ ያቃጠለኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተከልሁ። እንደገና ተበላ። በሦስተኛው ክረምት ከገበያ አንድ ሸክም ባሕር ዛፍ ይዤ ገባሁ። ሚስቴ ከበር ላይ አየችው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የምታይው ነው።»

«ምንጯስ?»

«ላም የማትበላው ሌላ ዛፍ አምጪልኝና ልትከል!»

ጮኼባት ነበር። ችግኙን ትንሽ አየችና፣ «በል እሺ። ከምንጯ ግን አርቀው» አለችኝ።

ከምንጯ አፍ ተነሥቼ ሽቅብ በእርምጃ ለካሁ። እሷ ከኋላዬ ትከተላለች። ብዙም ሳልሄድ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ደረስሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሰው መሬት ነው። ዞሬ ወደ ታች ሳይ ውኃዋ ከቆምሁበት ትታየኛለች።

«አይበቃም» አለች።

«አይበቃም» አልሁና መቆፈር ጀመርሁ።