ሰላምታ የከለከሉት አለቃዬ

ጋሼ፣ ሶዶ ያለው መሥሪያ ቤታችን የኔትወርክ ኃላፊ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የመጨረሻ ሥራቸውን ያዙ፤ ለአዲሱ ኔትወርክ ፋየርዎል፣ ማለትም የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጣጠር ዘብ፣ መንደፍ። ይሄ ኔትወርክ አይፒ ስድስት በሚባለው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ነው የሚሠራው። «ይቺን አሳምሬ ልውጣ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ይሉኝ ነበር። ለእሳቸው ስል እኔም እንዲያምር በጣም ፈልጌ ነበር።

ታዲያ እሳቸው ምን ያደርጋሉ? በድሮው እንደለመዱት ሁሉንም ነገር ጥርቅም። ኮምፒውተሮች «አለህ ወይ?» የሚባባሉበትን መልእክት ሳይቀር ዘጉት። «ወሬኛ ነው፣ ለሌባ ቤት ያሳያል» አሉ። በድሮው ኔትወርክ ይሄ ቢዘጋም ብዙ አይታወቅም ነበር። በአዲሱ ግን ኮምፒውተር ጎረቤቱን የሚያገኘው በዚሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስናበራው አንድም ገጽ አልከፍት አለ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። አንጀቴን በሉት።

የፋየርዎሉን ደንቦች ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። ግን ለጋሼ «ተሳስተዋል» ማለት ቀላል አይደለም፤ ተጫዋች ቢሆኑም ኩርፊያቸው ለጉድ ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ከአረካ ሚኒባስ ወርደው እዚህ እስኪደርሱ ‹ሳሮ› ብለው ሰላም ያላሉት ሰው አለ? መንገድ ላይ ለቆመ በሬ እንኳ ሰላምታ የሚሰጡ ሰው፣ እነዚህን ምስኪኖች ሰላም እንዳይባባሉ ከለከሏቸው እኮ።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሌባው በሰላምታ አሳቦ ቢገባስ?»

«ሰላምታውን ይቀበሉት፤ መግባቱን ደግሞ በፈቃድ ያድርጉት።»

ደንቡን ራሳቸው አስተካከሉ። ከምሳ በፊት ኔትወርኩ ነፍስ ዘራ። አርብ ዕለት መታወቂያቸውን አስረክበው ተሸኙ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። «እስቲ ወደ በሩ ብቅ በይ» አሉኝ ጋሼ። ልማድ ሆኖባቸው መጥተዋል። ጥበቃው የሁምቦ ሰው ነው፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃቸዋል፣ ስለ ሁምቦ ዝናብ ያወራቸዋል። መታወቂያ ስለሌላቸው ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለም።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ እየሳቁ፣ «ፋየርዎል ማለት ይሄ ነው። በእኔ መጀመሩ ነው እንጂ።»

እኔም ሳቅኩ፣ ግን እንባዬ መጣ። ከእንግዲህ ይህን ቢሮ ያለ እሳቸው እንዴት እንደምገባበት አላውቅም ነበር።

«ጋሼ የመጡት ወደ ማን ነው?» አለኝ ጥበቃው ኮስተር ብሎ።

«ወደ እኔ ነው» አልኩት።