በየማለዳው የፑንጎዳይ ደጃፍ

በእኛ ሰፈር አንድ ቤት ሰው እንደሞተበት ለማወቅ ደጃፉን ማየት ይበቃል። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ደጃቸውን ጠርገው፣ እበት በተበጠበጠበት ውሃ ረጭተው፣ በሩዝ ዱቄት ኮላም ይስላሉ። መጀመሪያ ነጠብጣቡ ይደረደራል፤ ከዚያ መስመሩ በነጠብጣቦቹ መሃል እየተጠማዘዘ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። ጉንዳን ይበላዋል፣ ብስክሌት ይሄድበታል፣ ማታ ላይ የለም። በማግስቱ እንደ አዲስ ነው። ደጃፉ ባዶ የሚያድረው ሐዘን የገባበት ቤት ብቻ ነው። ይህንን የከተማችን የኩምባኮናም ልጅ ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል፤ ፑንጎዳይም ጠብታዋለች። ማወቅና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

ፑንጎዳይ የምትኖረው ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ከራሴ ደጃፍ ይልቅ የእሷን አውቃለሁ። ባሏ ኢላንጎ ዓረብ አገር፣ ሙስካት፣ ክሬን ይነዳል፤ ብቅ የሚለው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና የባሏ አባት፣ አባባ ቬላዩዳም ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ነሐስ እያቀለጡ መብራት ሲሠሩ ኖረው አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። መንገዳቸው ከአልጋ ወደ ደጁ መደብ፣ ከመደቡ ወደ አልጋ ነው። ፑንጎዳይ አባቷን ገና በሕፃንነቷ አጥታለች። ሩዙን በአሬራ አላቁጣ ስታጎርሳቸው ያየ ሰው ምራታቸው ናት አይልም።

አንድ ነገር ግን ነበረባት። ወረተኛ ነበረች። ልቧ የተነሳ ቀን ከዶሮ ቀድማ ወጥታ፣ ጣዎስ ከነላባው፣ ሎተስ ከነቅጠሉ እየሳለች መንገዱን ትሞላዋለች፤ እኛም እግራችንን የምናሳርፍበት አጥተን በአጥር ሥር እንሄዳለን። ልቧ የወደቀ ቀን ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ያኔ እኔ ነበርኩ ሰው ሳያይ ተሻግሬ አንድ ጭብጥ ዱቄት የምበትንላት። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በእነዚያ ቀናት የሽማግሌው መድኃኒትም ይዘገይ ነበር። "ልቤ እምቢ አለኝ፣ እትዬ ቫሳንታ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ልቡ እሺ እስኪለው የሚጠብቅ ሰው ያናድደኛል። የእኔ ልብ ለአንድም ሸሚዝ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

የማርጋዢ ወር ነበር፤ ሴቱ ሁሉ በኮላም የሚፎካከርበት፣ በእበት ድቡልቡል ላይ የዱባ አበባ የሚሰካበት ብርዳማው ወር። ፑንጎዳይ አንድ ጠዋት የሠራችውን ለማየት ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሰው መጣ። ፎቶ አንስታ ለኢላንጎ ላከችለትና ሲደውል ልትሰማው ቀኑን ሙሉ ስልኳን በብብቷ ይዛ ዋለች። አልደወለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በማግስቱ አልተነሳችም። እኔ ደግሞ ያን ቀን የእህቴ ልጅ ሠርግ አድሬ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ወተት ሻጩ ነው። ትናንት ጣዎስ የነበረበት ደጃፍ ባዶ፣ እንኳን ዱቄት ውሃ አልተረጨበትም። ሽማግሌው መታመማቸውን ያውቃል። ብስክሌቱን አዙሮ ለአበባ ሻጯ ነገራት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እኔ ከአውቶቡስ ስወርድ የአበባ ጉንጉኑ ተሠርቶ፣ የቀብር ከበሮ መቺዎቹ ጥግ ይዘው ከበሯቸውን በእሳት እያሞቁ ነበር። አልጠየቅኩም። ደረቴን እየደቃሁ ከለቀስተኞቹ ጋር ገባሁ።

አባባ ቬላዩዳም በጩኸቱ ነቅተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። አየት አደረጉንና ደንገጥ ብለው ወደ ውስጥ ዞሩ።

"ፑንጎዳይ፣ የትከሻ ጨርቄን አቀብይኝማ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቷል መሰለኝ፣ ለቅሶ ልድረስ።"

አበባ ሻጯ ጉንጉኑን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ከመካከላችን አንዷ ሳቋ አመለጣትና ሁላችንም በዚያው እንባ ሳቅን። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ጉንጉኑ ለማን እንደሆነ ጠየቁ። ሻጯ "ለእርስዎ ነው" ስትላቸው፣ ልፋቷ ከንቱ አይቅር ብለው አንገታቸው ላይ አስጠለቁት። ቀኑን ሙሉ እንደ ሙሽራ አጥልቀውት ዋሉ።

ታማራይ ግን አልሳቀችም። ታማራይ የሽማግሌው ሴት ልጅ ናት፤ ቼናይ ውስጥ ባንክ ትሠራለች። አንዱ ደግ አሳቢ መርዶውን በስልክ ነግሯት፣ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ከሰዓት በኋላ ደረሰች። አባቷ መደብ ላይ ጉንጉን አጥልቀው ሙዝ ሲበሉ ስታገኛቸው መሬት ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠች። እንባዋን ስትጨርስ ወደ ፑንጎዳይ ዞረች።

"ደጁን የረሳ ሰው መድኃኒቱንም ይረሳል። አንድ ቀን እንኳን ይህ ደጃፍ ባዶ ዋለ ብለው ቢነግሩኝ፣ አባቴን ይዤ ነው የምሄደው።"

ፑንጎዳይ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ማታ እራት አልቀመሱም። የታማራይ ቤት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወደ ታች ሲያዩት መኪና እንጂ ሰው አይታይም። እዚያ አንድ ክረምት ከርመው የተመለሱ ጊዜ፣ መንገድ የሌለበት ቤት መሆኑን ነግረውኝ ነበር። ፑንጎዳይም ያለ እሳቸው በዚያ ቤት ለብቻዋ እንዴት እንደምትሆን እኔም፣ እሷም፣ እሳቸውም እናውቃለን።

ታዲያ ምን አደረገች? የወረተኛ ነገር፣ በትልቁ ጀመረች። በየጠዋቱ ከፊተኛው የሚበልጥ እየሳለች ወገቧን ይዛ ስትነሳ እያየሁ፣ ይህ ነገር አንድ ሳምንት አይዘልቅም አልኩ። አልዘለቀም። አንድ ጠዋት መጥረጊያ ሳይሰማ ሰማዩ መቅላት ጀመረ። ልሻገር ዱቄት ስዘግን የአባባ ቬላዩዳም ከዘራ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። መስኮታቸው ወደ መንገዱ ነው፤ ንግግራቸው ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ተነሽ፣ ልጄ።"

"አልችልም፣ አባባ። ልቤ አልተነሳም።"

"ልብሽን ማን ጠራው? እኔ እጅሽን ነው የጠራሁት። ልብሽ ይተኛ።"

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ፑንጎዳይ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ዓይኗ እንዳበጠ ወጣች። መጥረጊያውን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አለችው፣ ውሃ ረጨች፣ አራት ነጥብ ጣለችና አንድ መስመር ዙሪያቸውን ጠመዘዘች። ሕፃናት ሲማሩ የሚሠሯት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮላም ናት። አለቀች። ተመልሳ ገብታ ተኛች። እኔ ምላሴ አያርፍም፤ ከቀትር በኋላ ሳገኛት "ዝንብ ነው ወይስ ኮላም ደጅሽ ላይ ያረፈው?" አልኳት።

"ዝንብም ቢሆን ደጁ ባዶ አይደለም" አለችኝ። ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ገለበጠችው። ያቺ ባለአራት ነጥብ ግዴታዋ ሆነች፤ ከእሷ የተረፈው ሁሉ ምርቃት። ልቧ የተነሳ ቀንም ቢሆን መጀመሪያ ትንሿን ስላ ነው ጣዎሱን ዙሪያዋ የምትጨምረው። የዱቄቱን ቆርቆሮ ከማጀት አውጥታ በሩ ሥር፣ ስትወጣ እግሯ በሚመታው ቦታ አስቀመጠችው። የሽማግሌውንም መድኃኒት እዚያው ቆርቆሮ ላይ ደረበችው። አንዱን ሳታነሳ ሌላውን ማንሳት አትችልም። ማታ ስትተኛ ጠዋት እንዴት እሆን ይሆን ብላ ማሰቡን ተወችው። ምን እንደምትሠራ ስለተቆረጠ እንዴት እንደምትሆን ማሰቡ ጥቅም አልነበረውም።

ሰው ተለወጠች እንዳትሉኝ። ልቧ ያው ልቧ ነው፤ ይነሳል፣ ይወድቃል። እያለቀሰች ስትስል ከመስኮቴ አይቻታለሁ፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፍና ጫፉ አይገጥምም። ተናዳ ዱቄቱን ወርውራ እንደገና የሰበሰበችበትም ቀን አለ። ዝናብ የመታው ጠዋት ከጣራው ክፈፍ ሥር ተጠግታ ሳለች። መከፋቷን ከመስመሩ አነባለሁ፤ መስመሩ ግን አለ። መከፋት ከእሷ ጋር ማደሩን አልተወም፤ በሩን መዝጋት ግን ቀረበት።

በጋው ገብቶ አስፋልቱ መቅለጥ ሲጀምር ኢላንጎ ደወለ። ውሉን ለሌላ ሁለት ዓመት አድሷል። ፑንጎዳይ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ እኔ ያመጣሁላትን የሩዝ ቂጣ፣ ኢድሊም ለቁራ ጣለችው። ይህንኑ ለእህቱም ደውሎ ነግሯት ኖሮ፣ ታማራይ በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፍራ በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ከነሻንጣዋ ከች አለች። እኔ ደጄን እየጠረግኩ ነበር። ቀና ብዬ ወደ ፑንጎዳይ ደጃፍ አየሁ።

አራት ነጥብ፣ አንድ መስመር። ዱቄቱ አንድ ቦታ ወፍሯል፣ አንድ ቦታ ሳስቷል። ግን አለች።

ታማራይም አየቻት። ሽማግሌው መደባቸው ላይ ሆነው መድኃኒታቸውን በውሃ ይውጣሉ። ፑንጎዳይ ወተቱን ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

"ዛሬ ስላለች አልታለልም" አለች ታማራይ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ፊተኛው ቁጣ አልነበረበትም። "በዚህ ሁኔታሽ ሁለት ዓመት አትችይውም፣ ፑንጎዳይ። አልፈርድብሽም። አባዬ፣ ተነስ እንሂድ። እኔ ቤት በሩ ላይ ኮላም አለ፤ የፕላስቲክ ነው፣ ተለጥፏል፣ አይጠፋም፣ ማንንም አያስቸግርም።"

አባባ ቬላዩዳም ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ያምራል። ግን እኔ ብሞትም ያው ነው። እዚህ በየጠዋቱ አንድ ሰው፣ ደስ ቢላትም ባይላትም፣ ተነስታ 'ቬላዩዳም አለ' ብላ ለሰፈሩ ትናገርልኛለች። እኔ የምነሳው እሱን ሰምቼ ነው።"

ታማራይ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አለቀሰች።

"ለሰፈሩ ትናገራለች። ለእኔስ ማን ይነግረኛል? ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስልክ ሲጮህ የዛሬው እውነት እንዳይሆን እያልኩ ነው የማነሳው።"

ማናችንም ይህንን አላሰብንም ነበር። እኔ ታማራይን ኩሩ፣ የከተማ ሰው ብቻ አድርጌ ነበር የማያት። ፑንጎዳይ ወተቱን መሬት አስቀምጣ አጠገቧ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በሹክሹክታ ነበር። ታማራይ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ኮላሟን ሳትረግጥ ዞራ ገባች፤ እስከ እሑድ ቆይታ ብቻዋን ወደ ቼናይ ተመለሰች።

አሁን ፑንጎዳይ መስመሩን እንደገጠመች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፎቶ ታነሳለች፤ ወተት ሻጩ ሳይደርስ ለታማራይ ትልካለች። ታማራይ ጣዎስ የመጣ ቀን አይታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ባለአራት ነጥቧ የመጣች ቀን ለምን ትንሽ ሆነች ብላ አትጠይቅም። ያን ቀን ማታ ግን ትደውላለች፤ አባቷ ስልኩን ሲያነሱ ደህንነታቸውን ትጠይቅና "ፑንጎዳይን አቅርብልኝ" ትላለች።