የአባ ዝም ጫካ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «አባ ዝም» ይለው ነበር። ስሙን ብቻ ለሰማ ዝምተኛ ይመስላል እንጂ፣ ወሬ ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም። ስሙ የወጣለት ሌላውን ዝም በማሰኘቱ ነው። እኔ ግን እስከ መጨረሻው «ወንድም ጋሼ» እንዳልኩት ኖርኩ።

ሥራው ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን የመንግሥት ጫካ መጠበቅ ነበር። ጫካው መሀል ረግረግ ነበረ፤ ዙሪያውን ቁጥቋጦ የወረሰው። አጋዘኖቹ የሚወልዱት እዚያ ነው። እናትየዋ ግልገሏን ሣር ውስጥ አስተኝታ ለግጦሽ ስትሄድ፣ ግልገሉ ትንፋሹን ውጦ ይተኛል፤ ሰው አጠገቡ ቢቆም እንኳ ንቅንቅ አይልም። አንድ ጊዜ ወንድም ጋሼ ወስዶ አሳይቶኛል። ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ እኔኑ የሚያይ። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

አዳኞች ውሻ እያስከተሉ ከሩቅ ይመጡ ነበር። ሻይ ቤት ቁጭ ይሉና እንደ ዘበት «ለመሆኑ አጋዘኖቹ የሚወልዱት በየት በኩል ነው?» ይላሉ። ወንድም ጋሼ ይህን ሲያይ ቤት ለቤት እየዞረ ሰዉን አስማለ። «ማንም ይጠይቃችሁ ማን፣ መልሳችሁ አንድ ነው። የለም፣ አላየንም፣ አልሰማንም።» ሕፃን ሽማግሌው ይህን ለመደ። እያደር ቀልድ ሆነ። ወፍጮ ቤት ያለችው ሴትዮ እንኳ «እህሌ ተፈጨ ወይ?» ሲሏት «የለም፣ አላየንም፣ አልሰማንም» እያለች ሰው ታስቅ ነበር። አዳኞቹም ሰልችቷቸው መምጣቱን ተዉት።

ትዳር አልያዘም። ከግቢያችን ጥግ አንዲት ክፍል ነበረችው፤ የሽቦ አልጋ፣ ጭቃው ያልለቀቀ ቦት ጫማ፣ ጫካውን የምታሳይ መስኮት። ሚስት አግባ ስለው «ረግረግ ረግረግ ከሚሸት ሰው ጋር ማን ይተኛል?» ይለኛል።

ኋላ ከጫካው ሥር የድንጋይ ከሰል ተገኘ ተባለ። መንግሥት መሬቱን ለኩባንያ በሊዝ ሊሰጥ ነው። እኛ ስንደነግጥ እሱ ፊቱ በራ። ለካ አለቃው ነግሮት ኖሯል፤ መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያዎች መጥተው ያያሉ፣ አውሬ የሚወልድበት ቦታ ከተገኘ ያ ቦታ ተለይቶ ይቀራል፣ አይቆፈርም።

«እህት ዓለም፣» አለኝ፣ «ዕድሜ ልኬን በምላስ ስጠብቀው የኖርኩትን አሁን ሕግ ሊጠብቅልኝ ነው።»

ራሴ እየመራሁ አሳያቸዋለሁ ብሎ ለጎረቤት እንኳ ትንፍሽ አላለም። ልማዱ ነዋ።

ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሐኪም ቤት ተራ ይጠብቅ ነበር። ተራው ደርሶ እኔ ይዤው ሄድኩ። ባለሙያዎቹ የመጡት ያንኑ ዕለት ነው።

አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ስንመለስ፣ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል እንዳደረገ ከሱቁ ወጣ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! መኪና ሙሉ ሰው መጥቶ ነበር። አጋዘን የት ይወልዳል እያሉ ቤት ለቤት ሲጠይቁ ዋሉ። የዛሬ አዳኝ ደግሞ ሠልጥኗል፤ ኮፍያ አድርጎ፣ ወረቀት ይዞ!»

«ምን አላችኋቸው?»

«ምን እንላለን? የለም ነዋ! እኔማ እዚህ ሰፈር አውሬ ካለ አማቴ ናት አልኳቸው። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮም ወደ ድንጋይ ካባው ሰደደቻቸው። እዚያ ሲንከራተቱ ውለው ሄዱ።»

 ወንድም ጋሼ የሰውየውን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ጎበዝ፣ ጎበዝ ልጄ» አለው። ወዲያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ተነሣ እንጂ፣ ሰው ያየናል ብዬ እጁን ብጎትተውም አልነሣ አለ።

በነጋታው ጎረቤቶቹን አስከትሎ መሬት ቢሮ ሄደ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጠን።

«አባቴ፣ ትናንት የለም ያሉት እነዚሁ ናቸው። ዛሬ አለ ይላሉ። የቱን ልመን?»

«ኑና በዓይናችሁ እዩት።»

«ባለሙያዎቹ አይተዋል። አሁን የሚወልዱበት ወቅትም አይደለም፤ ሣር ከማየት በቀር ምን እናያለን?»

ፀጉር አስተካካዩ «እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እኔን እሰሩኝ!» ብሎ ጮኸ። የሚያስረው አልተገኘም። በኋላም ወንድም ጋሼ ያላንኳኳው በር አልነበረም፤ ሁሉም በትሕትና ሸኘው።

ኩባንያው ረግረጉን አጥሮ በአንድ በጋ አደረቀው። በሚወልዱበት ወቅት አጋዘኖቹ ተመለሱ፤ ሆዳቸው ገፍቶ በሽቦ አጥሩ ዙሪያ ሲመላለሱ ሰፈሩ ሁሉ አየ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። የከሰሉ አቧራ እየገባ ስላስቸገረው ወንድም ጋሼ የክፍሉን መስኮት በጣውላ መታው።

አንድ ቀን የማዕድኑ ሾፌር ውኃ ሊለምን ገባ። ፀጉር አስተካካዩም ከወንድም ጋሼ ጋር ግቢ ተቀምጦ ነበር።

«አባባ፣ ድሮ እዚህ አጋዘን ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ አፉን ሲከፍት ወንድም ጋሼ ክንዱን ያዘው።

«የለም። አላየንም፣ አልሰማንም።»

ሾፌሩ ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ዕንባው መጣ። «አሁን ደግሞ ማንን ልንደብቅ ነው፣ ጋሼ?»

«ከአጥሩ በታች ያለው ገደል ውስጥ አንዷ ቀርታ እንደሆነስ? ምን ታውቃለህ?»

በዚያው ዓመት አረፈ። ልብስ ሳሰጣ ወደ ገደሉ አያለሁ፤ ከአቧራ በቀር ያየሁት የለም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን እኔም የለም እላለሁ። ልዋሽ እውነት ልናገር፣ አላውቀውም።